የደረቀ ግንባር

ከቀትር ሶላት በኋላ የሽማግሌው ላብ ቆመ። በሙቀቷ በምትታወቀው የጃኮባባድ ከተማ መብራት ከጠፋ ቆይቷል፤ የጣሪያው ማራገቢያ አይንቀሳቀስም። ሽማግሌው በገመድ አልጋቸው ላይ ጋደም እንዳሉ የልጃቸውን ሚስት ሃጅራንን ተረቧት።

«ጾመኛን አላህ አይረሳም፤ ይኸው ላቤን አደረቀልኝ። አንቺ ግን ከኩሬ እንደ ወጣ ጎሽ ታንጠባጥቢያለሽ።»

ሃጅራን አልሳቀችም። ላብ የከዳው ገላ ሙቀቱን የሚያስወጣበት በር እንደሌለው ታውቃለች። በስድስት ዓመት የትዳር ዘመኗ ለባሏ አባት ፊቷን አሳይታ፣ ቃላቸውንም መልሳ አታውቅም፤ እንደ ተከናነበች እጇን ዘርግታ ግንባራቸውን ነካች። እንደ ዳቦ ምድጃ ግድግዳ ደረቅና የሚፋጅ ነበር።

«አባባ፣ ትንሽ ውኃ ልስጥዎት?»

«ስልሳ ረመዳን ሙሉ ያላፈረስኩትን? ዞር በይ!» አሉ። ወዲያው ግን ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። «ይልቅ ብርድ ልብሱን አምጪልኝ፤ ክረምቱ ገባ መሰለኝ።»

ፀሐይ እስክትጠልቅ አምስት ሰዓት ቀርቷል። ሃጅራን የእንስራውን ክዳን አነሣች፤ መከናነቢያዋን ከራሷ ገፍፋ ውኃው ውስጥ ነከረችና በአንገታቸውና በደረታቸው ላይ አለበሰቻቸው። ሽማግሌው የተገለጠ ፊቷን እንዳያዩ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እርሷ ጽዋውን ሞልታ ወደ ከንፈራቸው አስጠጋች።

«ይጠጡ አባባ፤ ጾምዎን ያፈረስኩት እኔ ነኝ።»