የኔታ በአንድ ዓይን

ተማሪዬ ጌጡ የቀይ ሥሩን ቀለም እንደ ሾርባ ጭልጥ አድርጎ ይጠጣዋል። "ምን ምን ይላል?" ስለው "ቀይ ቀይ" ይለኛል፤ ጥርሱ ሁሉ ደም መስሏል።

ስለዚህ የቀረን ቢጫና ጥቁር ነው። ቢጫው በውኃ የተበጠበጠ እርድ፣ ጥቁሩ የተፈጨ ከሰል። ብሩሻችን እንጨት ጫፍ ላይ የታሰረ የበግ ፀጉር፣ ወረቀታችን ተቀድዶ የተዘረጋ የሲሚንቶ ከረጢት። መምህርቷ ለሥልጠና መሐል ሜዳ ከተማ ስለሄደች የዘመሮ ትምህርት ቤትን ዜሮ ክፍል የያዝኩት እኔ ረዳቷ ነኝ። ሰባተኛን ሁለት ጊዜ ተምሬያለሁ፤ ለአምስት ዓመት ልጅ አላንስም።

የደብሩ መሪጌታ፣ የኔታ መርስዔ ኃዘን፣ ልጃቸውን ትርሲትን ሊወስዱ ከበሩ ጎንበስ ብለው ይገባሉ። በመቋሚያቸው ሥዕሏን ይጠቁማሉ።

"ይሄ ማነው?"

"አባዬ" ትላለች።

ጥምጣሙ አለ፣ ጥቁሩ በርኖስ አለ፣ ጢሙ ከአፍንጫው ይጀምራል። ፊቱ ግን ወደ ጎን ዞሯል፤ ዓይኑም አንድ ብቻ ነው።

"አንቺ ወሰንየለሽ፣ ቤተ ክርስቲያን ትስሚያለሽ?"

"እስማለሁ፣ የኔታ።"

"ግድግዳው ላይ በሁለት ዓይን የሚሣሉት እነማን ናቸው?"

"ጻድቃን።"

"በአንድ ዓይንስ?"

"ይሁዳ ነው። ሌላው ደግሞ ሰይጣን።"

"እኔ የትኛው ነኝ?"

'ቀንድ የለዎትም እኮ' ልል ምላሴ ጫፍ ላይ ከደረሰ በኋላ እውጠዋለሁ።

"ከነገ ጀምሮ አትመጣም" ይላሉ ቀስ ብለው። "አባቷን ኃጥእ አድርጋ እንድትሥል አልላክኋትም። ለካህናቱም እነግራቸዋለሁ።"

ከልጆቹ ግማሾቹ የቄስና የዲያቆን ልጆች ናቸው፤ እነሱ ከቀሩ ክፍሉ ይዘጋል። ክፍሉ ከተዘጋ ቤት እውላለሁ። ቤት ከዋልኩ ደግሞ እናቴ 'ሥራ ይዛለች' እያለች የመለሰቻቸውን ሽማግሌዎች ከእንግዲህ አትመልሳቸውም።

"ይታረማል፣ የኔታ" እላለሁ። ብሩሹን ከሰሉ ውስጥ ነክሬ ለትርሲት እሰጣታለሁ። "የኔ ቆንጆ፣ ያኛውን ዓይን ጨምሪበት።"

"እንቢ።"

"ለምን?"

"አይታይማ። በዚያ በኩል ነው።"

"አባትሽ ስንት ዓይን ነው ያላቸው?"

"ሁለት" ትለኛለች፣ እንደ ሞኝ እያየችኝ። "ዳዊት ሲደግም አጠገቡ ነው የምቀመጠው። እኔ ጋ ያለው ይሄኛው ነው።"

"ሳይደግሙስ?"

ታስባለች። "ሳይደግም ደብር ነው።"

ጌጡ ይስቃል። የኔታ አይስቁም፤ ሥዕሉን ጎንበስ ብለው እንደገና ያዩታል። ጥምጣማቸውን ያስተካክላሉ፤ ጥምጣሙ ግን ምንም አልሆነም።

"እንግዲያው ፊት ለፊቷ ይቀመጡላት" ይላል አፌ፣ እኔን ሳያማክር። "ሁለቱንም ታያቸዋለች።"

ቀና ብለው ያዩኛል። መቋሚያው ይነሳ ይሆን ብዬ አንድ እርምጃ እሸሻለሁ። እሳቸው ግን መቋሚያውን ግድግዳ ያስደግፉና በርኖሳቸውን ሰብስበው የልጆቹ አግዳሚ ላይ ቁጭ ይላሉ። አግዳሚው አጭር ስለሆነ ጉልበታቸው ጢማቸው ጋ ይደርሳል።

ትርሲት ሌላ ከረጢት ትዘረጋለች። እርድ በነካው እጇ አገጫቸውን ይዛ ፊታቸውን ወደራሷ ታቀናዋለች። ጢማቸው ቢጫ ይሆናል።

"ዛሬ ካላለቀላትስ?" ይሉኛል፣ ሳይዞሩ።

"ነገ ነዋ፣ የኔታ።"

ሊመልሱልኝ አፋቸውን ሲከፍቱ ትርሲት "አትናገር" ትላቸዋለች። ይዘጉታል።

ብሩሹ ጉልበቷ ላይ ጥቁር ያንጠባጥባል። እሷ ገና አልጀመረችም፤ አንዴ አንዱን ዓይን፣ አንዴ ሌላውን ታያለች።