የሃቫና ጭፈራ

ሃቫና ከገቡ ጀምሮ እህል አልወርድ ብሎታል። በልጅነቱ ለትምህርት ተልኮ ያደገባትን ኩባን ሚስቱ ስንዱ ካላየሁ ብላ፣ ከጎብኚ ቡድን ጋር እየጎተተች አመጣችው። አስጎብኚው ምሽጉንና የድሮውን ገበያ ሲያሳይ፣ እሱ ባርኔጣውን ግንባሩ ላይ ደፍቶ የአላፊ አግዳሚውን ፊት በስርቆሽ ሲያይ ዋለ። ወደ አገሩ ሲመለስ ማሪሴላ የምትባል ፍቅረኛውን እርጉዝ ሳለች ጥሏት ነበር የሄደው። ይህን ለስንዱ አንድም ቀን ተንፍሶላት አያውቅም።

አመሻሽ ላይ ለጭፈራ ወደ አንድ ሰፊ ግቢ ገቡ። ከበሮው ሲሞቅ አንዲት ጠይም ጨፋሪ ጎብኚዎቹን ሁሉ አልፋ መጣችና እጇን ዘረጋችለት። ቀና ብሎ ቢያያት ቁርጥ እናቱን ትመስላለች።

«እግሬን አሞኛል» አለ በአማርኛ፣ የሚያውቀው ስፓኒሽ ሁሉ ጠፍቶበት።

ስንዱ ወደ ጆሮው ጠጋ አለች።

«ተነስ፤ ልጅህ ናት። አምና አፈላልጋ ቤት ስትደውል አንተ አልነበርክም፤ እኔ ነኝ ያነሳሁት። ከዚያ ወዲህ በአስተርጓሚ ስናወራ ከርመናል። ለምን እንደተውካት ስትጠይቀኝ ግን መልስ አጣሁላት። እሱን አንተው ንገራት።»