የተሰነጠቀው ካርድ

የሰው ትዝታ ከጆሮው ጀርባ በሚሰካ ሚሞሪ ካርድ ላይ መቀመጥ ከጀመረ ብዙ ዓመት ሆኖታል። የገዝሙ ካርድ በተሰነጠቀ ዕለት ባለቤቱ ይመኙሻል እጁን ይዛ ደሴ ፒያሳ ወደምትሠራው ካርድ ጠጋኝ ወደ ረድኤት እያጣደፈች ወሰደችው።

ረድኤት ካርዱን በቀጭን ሽቦ ከመሣሪያዋ ጋር አገናኝታ ስታየው ፊቷ ተለዋወጠ።

«አባባ፣ ካርዱ እየሞተ ነው። ወደ አዲሱ የማሻግርልዎ ግማሹን ብቻ ነው። ወይ እስከ ሠላሳ ዓመትዎ ያለውን፣ ወይ ከዚያ ወዲህ ያለውን ይምረጡ። ቶሎ ይበሉ!»

በመጀመሪያው ግማሽ ወጣትነታቸውና ሠርጋቸው አለ። በሁለተኛው አንድ ልጃቸው ይትባረክ አለ፤ መወለዱም፣ መሞቱም።

«የመጀመሪያውን አድርጊለት» አለች ይመኙሻል ፈጥና። «እሱ እንኳ ከሐዘኑ ይረፍ።»

ገዝሙ እጇን አጥብቆ ያዘ። «ለይትባረክ ብቻሽን ልታለቅሺ? አይሆንም። ሁለተኛውን አሻግሪው፣ ልጄ።»

ይመኙሻል ልትከራከር ስትል መሣሪያው መጮህ ጀመረ። ረድኤት ቁልፉን ተጫነች። ገዝሙ ዓይኑን ጨፈነ፤ ይመኙሻል ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ ጠበቀች።

«ይመኙ» አላት በመጨረሻ ዓይኑን ገልጦ። እጁን ይዛ አስነሣችው።

ቤት እንደገቡ ገዝሙ ከሠርጋቸው ፎቶ ፊት ለፊት ቆሞ ብዙ አየው።

«እኛ መሆናችንን አውቃለሁ» አለ ቀስ ብሎ። «ግን ምን ሆነን ነው እንዲህ የምንስቀው?»

ይመኙሻል ወንበር ሳበችለት።

«ቁጭ በል» አለችው እንባዋን እየጠረገች። «ድንኳኑ ሚዜዎችህ ላይ ወድቆ ነው።»