የበርነሩ ብርሃን

«ትተወዋለህ ወይስ አትተወውም?» አለች ጽጌማርያም፣ የባሏን እጅ ከነካቻቢቴው ጭምድድ አድርጋ ይዛ።

«ጽጌ፣ ቀስ በይ፤ ሽቦው ይበጠሳል።»

«ይበጠስ! ያ ዓይን ስንት ተለምኖ እንደተመለሰ ረሳኸው?»

ተክለሃይማኖት እጁን አልነጠቃትም። የግራ ዓይኑ ሞራ የተገፈፈው በዚሁ ክረምት ነው፤ ቀኙ ድሮም ደካማ ነበር። ዓይኑ በፋሻ ታስሮ በሰነበተ ጊዜ ክንዱን ይዛ ታክሲ ላይ የምታወጣው፣ «ቃሪያው በግራህ፣ ወጡ በቀኝህ» እያለች የምታበላው እሷ ነበረች። ዛሬ ደግሞ የምሳው ሳህን ሳይነሳ ጠረጴዛውን በብረትና በፕላስቲክ ስብርባሪ ሞልቶ፣ ዓይን የሚያጠፋ ነገር እየሠራ አገኘችው። ዓይን እንደሚያጠፋ የነገራት ራሱ ነው። መዋሸት አይችልበትም።

የፈታታቸው ሁለት የዲስክ መጻፊያ ሣጥኖች፣ ዲቪዲ በርነሮች፣ አስኮ ከነበረው ቪዲዮ ቤቱ የተረፉ ናቸው። እዚያ የሰፈሩን ሠርግ ይቀርጽ፣ ይቆርጥ፣ ይቀጥልና በዲስክ ያስረክብ ነበር። ኋላ ሰው ፍላሽ ይዞ መጣ፤ ቀጥሎ ሁሉም በስልኩ ቀረጸ። ሱቁ ሲዘጋ ታፔላው የዶሮ ቤት ጣሪያ ሆነ፤ በርነሮቹ ቁም ሣጥን ላይ ወጡ። አሁን ከአንደኛው ውስጥ የስንዴ ቅንጣት የምታህል፣ የሌዘር ጨረር የምትተፋ ዳዮድ አውጥቶ፣ በአሮጌ የእጅ ባትሪ ቀፎ ውስጥ ገጥሟታል። ከፊት ለፊቷ፣ ጨረሩን እንድትስብ ጫፏ በጥቁር ማርከር የተቀባች ክብሪት ግማሽ ድንች ላይ ተሰክታለች።

«ለመሆኑ ምን ይሠራልሃል?»

«ክብሪት ይለኩሳል።»

«ለክብሪት ሣጥኑ መች አነሰው?»

ሳቀ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ያን ሁሉ ሠርግ የጻፍኩት በዚህ ብርሃን ነው፣ ጽጌ። የአስኮን ሙሽራ ሁሉ። ግን ሣጥኑ ውስጥ ተዘግቶ ነው የሚሠራው። አንድም ቀን አይቼው አላውቅም። ዓይኔ ታስሮ በተኛሁ ጊዜ የማስበው እሱን ነበር።»

ጽጌማርያም እጁን ለቀቀችው። ብርሃኑን እሷም አታውቀውም፤ የበርነሩን ድምፅ ግን ታውቀዋለች። ቪዲዮ ቤቱ ምሳ ይዛለት ስትሄድ ዲስኩ ሽው እያለ ይሽከረከር ነበር፤ ተክሌ፣ ሕፃን የተኛበት ይመስል፣ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ይቀበላት ነበር።

«ካልቀረልህ መነጽሩን አድርግ» አለችው።

መነጽሩ ወፍራም ነው፤ ጨረሩን እንዲያዳክም የተሠራ። መርካቶን አካሎ ያገኘው ይህንኑ አንዱን ነው።

«እንግዲያው አንቺ ጓዳ ግቢና በሩን ዝጊ።»

«ከዚህ ንቅንቅ አልልም። አንድ ነገር ብትሆን ማን ይደርስልሃል?»

ተክለሃይማኖት መነጽሩን አየ። እሷን አየ። ከዚያ ብድግ ብሎ መነጽሩን ለእሷ አደረገላት፤ እጀታዎቹን ሻሿ ሥር በጥንቃቄ እየሸጎጠ።

«አንቺ አብሪው» አለና፣ እንደተቀጣ ተማሪ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ዓይኖቹን በመዳፉ ሸፈነ።

መጋረጃው ተዘግቷል። ከመንገዱ «አየር ጤና! አየር ጤና!» የሚል የወያላ ጩኸት ይሰማል።

ቁልፉን ተጫነችው።

«ምን ታያለሽ?»

«ምንም። ማለቴ፣ ነጥብ ነገር አለች። ልትከስም የደረሰች ፍም ትመስላለች።»

«ክብሪቷ አልጨሰችም?»

«አልጨሰችም።»

ትከሻው ሲወርድ አየችው። ያለችው ዳዮድ ይቺው ብቻ ናት፤ የሌላኛውን በርነር ዳዮድ ትናንት ኤሌክትሪክ አብዝቶባት ገድሏት፣ እራቱን እንኳ በወጉ አልበላም። ቅድም ሽቦው ይበጠስ ያለችው ሴት አሁን ወደ ክብሪቷ ጎንበስ አለች።

«ምን ላድርግ? ንገረኝ እንጂ!»

«አፉ ላይ ያለውን ሌንስ አዙሪው። ቀስ ብለሽ። ሬዲዮ ጣቢያ እንደምትፈልጊ።»

አዞረችው። ነጥቧ ሰፋች፣ ደበዘዘች። ወደ ሌላው አዞረችው። ክርኗን ጠረጴዛው ላይ አስደገፈች።

«እየጠበበች ነው… ጠበበች… የመርፌ ጫፍ አከለች… ተክሌ! ጨሰች! ተክሌ!»

ክብሪቷ ቱሽ ብላ ነደደች።

ጽጌማርያም ቁልፉን ለቀቀችና፣ ሳታስበው፣ እልልታዋን አቀለጠችው። ተክለሃይማኖት ፊቱን ሳያዞር ይስቃል፤ ጀርባው ይርገፈገፋል።

«በይ ንገሪኛ! ምን ይመስላል? ቀለሙስ?»

አፏን ከፈተች። ቃሉም መጥቶላት ነበር። ግን ባሏን አየችው፤ ያን ሁሉ ዘመን ሲመኘው ለኖረው ብርሃን ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል።

«አልነግርህም» አለችው።

መነጽሩን አወለቀች። በትከሻው ይዛ አዞረችውና፣ የታከመው ዓይኑ እንዳይነካ ተጠንቅቃ አደረገችለት። ሌላ ክብሪት በማርከር ቀብታ ድንቹ ላይ ሰካች። ባትሪውን እጁ ላይ አስቀመጠችለት።

«ጽጌ፣ አንቺስ?»

«እኔ አይቼዋለሁ» አለችና ሄዳ እሱ በቆመበት ቦታ፣ ግድግዳው ሥር ቆመች።

ግድግዳው ይቀዘቅዛል። ዓይኖቿን ጨፈነች። ቁልፉ ቀጭ ሲል ሰማች።

«ተክሌ?»

የነደደ ክብሪት ሽታ መጣባት።

«አየኸው?»

ከኋላዋ እጁ መጥቶ የነጠላዋን ጫፍ ያዘ፤ ይዞም ቀረ።