ማስጠንቀቂያ ወይስ ዛቻ

ባልየው በሩን በእግሩ በርግዶ ገባና አንገትጌዬን ጨምድዶ ያዘኝ። «ምን ብለህ ነው የተረጎምከው?» አለኝ። መነጽሬ ወልቆ ጠረጴዛው ስር ገባ። ሰላምታ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም።

ማን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ሚስቱ ልጇን ይዛ ባሕር ማዶ ሸሽታለች። ሕፃኗ ከማን ጋር ትደግ የሚለውን የሚወስነው የዚያ አገር ፍርድ ቤት፣ ባልየው በስልክ የላከላት መልእክት በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ይቅረብ ብሏል። መልእክቱን ወደ ትርጉም ቤቴ ያመጣችው የሚስትየው ታናሽ እህት ናት። አሁን ጥግ ካለው ወንበር ብድግ ብላ ደርቃ ቀርታለች።

መልእክቱ አንድ መስመር ነው። «አስጠነቅቅሻለሁ፤ ልጄን ይዘሽ ካልተመለስሽ እህትሽ ላይ አደጋ ይደርሳል።»

ከጠዋት ጀምሮ በዚህች መስመር ስንጨቃጨቅ ነበር። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ዛቻ ነው፤ ‹ትሬት› ብለው ይጻፉልኝ» ትለኛለች። እኔ ደግሞ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በሰው ወረቀት ላይ አንዲት ነጥብ ያልጨመርኩ ግትር ነኝ። «የኔ ልጅ፣ ‹ዋርን› የሚያደርግሽ ጉድጓዱን አይቶ ተጠንቀቂ የሚልሽ ሰው ነው። ‹ትሬት› የሚያደርግሽ ራሱ የሚቆፍረው ነው። እሱ ግን አስጠነቅቅሻለሁ ብሎ ነው የጻፈው» አልኳት። አለቀሰች። እንዲያም ሆኖ «ዋርን» ብዬ ጻፍኩ።

«ጠበቃዬ ነግሮኛል!» አለ ባልየው። «‹ትሬት› ካልክ ልጄን ዳግመኛ አላያትም!»

«ልቀቀኝና ላሳይህ» አልኩት። የት ሰምቶኝ! ቀኝ እጄን መሳቢያው ውስጥ ከቶ በጉልበቱ ገፍቶ ዘጋው። ጣቴ ሲሰበር ድምፁን ሰማሁት። በዚህ ዕድሜዬ እንደ ሕፃን ጮህኩ።

«ተዋቸው! አንተ የፈለግከውን ነው የጻፉት!» ብላ ልጅቷ ክንዱ ላይ ተንጠለጠለች።

አሽቀንጥሮ ጣላት። ጠበቃው ‹ዋርን› ብሎ የጻፈለትን ብጣሽ ወረቀት ከኪሱ አውጥቶ ከስክሪኑ ጋር ፊደል በፊደል አመሳከረ። ደስ አለው። ጉንጬን መታ መታ አደረገና «ጎበዝ ፋዘር! እንዲህ ነው እንጂ!» አለኝ።

ከዚያ ዞሮ የወደቀችውን ልጅ ጉልበቷ ላይ ረገጣት። ደግሞ ረገጣት። ፀጉሯን ይዞ ቀና አደረጋትና «ለእህትሽ ደውዪላት። ማስጠንቀቂያ ማለት ይሄ ነው በያት» አላት። ሸሚዙን አስተካክሎ ወጣ።

ልጅቷን በአንድ እጄ ደግፌ ወንበር ላይ አስቀመጥኳት። «ጋሼ፣ እጅዎ! ሐኪም ቤት እንሂድ» አለችኝ።

«ቆይ፣ አልጨረስኩም» አልኳት።

«ዋርን» የሚለውን አልነካሁትም። ከሥሩ በግራ እጄ አንድ አንድ ፊደል እየለቀምኩ የተርጓሚ ማስታወሻ ጨመርኩ፦ «የመልእክቱ ጸሐፊ ዛሬ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ቢሮዬ መጥቶ የእኔን ጣት ሰብሯል፤ የሚስቱን እህት ጉልበት ረግጧል፤ ‹ማስጠንቀቂያ ማለት ይሄ ነው› ብሏል። በዓይኔ አይቻለሁ። በዚህ ሰው አጠቃቀም የቃሉ ትርጉም ‹ትሬት› ነው።»

አተምኩት። በግራ እጄ ስፈርም ፊርማዬ የሌላ ሰው መሰለ፤ ማኅተሙም ተንጋደደ። እንዳለ ሰጠኋት።