የግራዋ ማር

ጡረታ የወጣችው የስፖርት አስተማሪ ከባድ አስም አለባት፤ ፊቷን ያሳበጠባትን ክኒን ግን ከሁለት ወር በፊት «በቃኝ» ብላ ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ጥላዋለች። ወጥ ቤት ገብቶ የማያውቀው ባሏ ከዚያን ቀን ወዲህ በየማለዳው በሶ በማር በጥብጦ ያቀርብላታል። ዛሬም መረራት።

«የግራዋ ማር ነዋ» አላት እንደ ወትሮው። ከዚያ አብረው ለምርመራ ሄዱ።

የቀድሞ ተማሪዋ የሆነው ሐኪም የደሟን ውጤት ሁለቴ አነበበው።

«ቲቸር፣ ኢዮሲኖፊል የሚባለው የደም ሕዋስ እንደ እርስዎ ባለ አስም ይበዛል። አቧራ፣ የሆድ ትል፣ አፍንጫ ውስጥ የሚበቅል ሥጋ ሲኖር ከፍ ይላል። ክኒን ማቋረጥም ያንረዋል። የእርስዎ ግን ወርዷል።»

«አንዲት ፍሬ አልዋጥኩም» አለች ደረቷን ነፍታ። «ትናንት ሦስተኛ ፎቅ በእግሬ ወጥቻለሁ። ክኒንህን ለፈሪ ስጠው።»

«ይሄ እኮ ክኒኑን በየቀኑ የሚወስድ ሰው ደም ነው።»

ሳቀችበት። ከዚያ ሳቋ መሀል ላይ ቆመና ቀስ ብላ ወደ ባሏ ዞረች።

«ማሩ የምን ነው ያልከኝ?»

«የግራዋ» አለ፣ ዓይኗን ትክ ብሎ እያየ።