የሠርጉ ጀልባ ካፒቴን

ጣና ላይ የሠርግ ጀልባ በዘፈን ደምቃ ትጓዛለች። ሚዜዎቹ ብርሌ ይዘው ካፒቴኑን ከበውታል።

«በሞቴ፣ አንዴ ብቻ ጎንጨት በል!»

ካፒቴኑ ላይፍ ጃኬቱን እስከ አገጩ ቆልፎ፣ መሪውን እንደያዘ ሳቀ። «ጠጥቼ ከነዳሁ ፈቃዴን ይነጥቁኛል።»

ወዲያው የተቆጣጣሪዎች ጀልባ አስቆማቸው። ጠጁ ከሩቅ የሸተተው ተቆጣጣሪ የትንፋሽ መለኪያውን ለካፒቴኑ አቀበለው። ነፋ። ዜሮ!

«የሠርግ ጀልባ እየነዳ ያልጠጣ ሰው ዛሬ ገና አየሁ!» አለ ተቆጣጣሪው ተገርሞ። ከዚያ ብቻዋን የተቀመጠችውን ሙሽሪት አያትና ፊቱ ተኮሳተረ። «ሙሽራውስ የታለ? ሰክሮ ተኛ እንዴ?»

ሙሽሪት በሳቅ ፈረሰች። ካፒቴኑ ጃኬቱን ሲከፍተው ከሥር ነጭ ሱፍና ከረባት ብቅ አለ።

«ምን ላድርግ አለቃ! ጀልባ መንዳት የሚችለው ጓደኛዬ ሁሉ ሚዜ ሆኖ ሰከረ።»